ሁለት ጊዜ የታጠበው ሞተር

ሞተር ሳይክል ማጠብ ምን ያስቸግራል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ና እስቲ የማጠቢያ ማሽኑን ያዘው እለዋለሁ። ማሽኑ ከሩቅ ሲያዩት ምንም አይመስልም። አንድ የሚያጓራ ሞተር፣ ረጅም ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ጠመንጃ የሚመስል ብረት፣ በቃ። የሚተፋውም ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ምን ያደርጋል? ቀለም ይልጣል፣ ጎማ ይበሳል። ሰው ቆዳ ላይ በቅርብ ከያዙት መርፌ የወጋው የምታህል ቀዳዳ ይከፍትና ከሥር ሥጋውን ይበታትነዋል። ሰውየው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ከቀናት በኋላ ጣቱን ይቆርጡታል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምናገረው፣ ከወሬ አይደለም።

ያደግኩት እዚያ ማሽን ሥር ነው። አባቴ የሞተር ማጠቢያ ነበረው፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው ላቫጆ እንበለው። ዳገቱ አናት ላይ የተቀመጠ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ግቢ ነበር። ሁለቱ የመኖሪያ ክፍሎቻችን ከኋላ ናቸው። ከበሩ ወጣ ስትሉ መንገዱ ተወርውሮ ይወርዳል፤ ግርጌው ላይ ይጠመዘዝና ድልድዩ ይመጣል፤ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ነው። ፍሬን የሌለው ሰው እዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ አባቴን ወንድምጋሼ ትለዋለች። ካገባች በኋላም ጠዋት ጠዋት መጥታ ፀጉሬን ታበጥርልኝና ቦት ጫማዋን አድርጋ ሥራ ትጀምራለች። የማጠብ ነገር ከተነሳ አባቴ ራሱ «የሷ እጅ ይለያል» ይል ነበር። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ አያታለሁ፤ እሷ እየሠራች ታስተምረኛለች።

«ሞተሩ ሳይበርድ ውሃ አታስነኪው፣ ትኩስ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። የማርሚታው አፍ ላይ ጨርቅ ወትፊ፣ ጭሱ በሚወጣበት ውሃ እንዳይገባ። ከክንድሽ በላይ ራቂ። ከጎን አድርጊና ሰፋ አድርገሽ ርጪ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ፊት ለፊት አትደግኚበት፣ የሚያለሰልሰውን ግራሶ ጠራርጎ ይወስደዋል። ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና ዘይት ስትቀቢ ደግሞ ጨርቅሽ ዲስኩን እንዳይነካ። ሰምተሻል? ፍሬኑ የሚይዘው እሱን ነው። ዘይት የነካው ዲስክ አይዝም። ያጠብሽው ሞተር ሰው ከገደለ አጠብኩ አይባልም።»

«እሺ እትዬ።»

«ምን አልኩሽ?»

«ጨርቄ ዲስኩን እንዳይነካ።»

ፊደል ሳልቆጥር ይህን እንደ ዜማ አነበንበው ነበር።

እትዬ አንዳንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ክንዷ ላይ አራት ጣት የሚመስል ጥቁር ምልክት ይኖራል። ምን ሆንሽ ስላት ወደ ማሽኑ በአገጯ ታመለክታለች። «እሱ ነው። ሳልይዘው ወደ ኋላ ረገጠኝ።» ማሽኑ እውነትም ይራገጣል፤ ምላጩን ስትስቡት ብረቱ ትከሻችሁን ገፍቶ ይመታል፤ ስለዚህ አመንኳት። ያንን ማሽን ጠላሁት ብል አይገልጸውም። ማንም በማያየኝ ሰዓት ሄጄ በጫማዬ እለው ነበር። እተፋበትም ነበር።

ባሏን ግን እወደው ነበር። በሞተሩ ዕቃ እያደረሰ የሚኖር፣ ረጅም፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው። ኪሱ ከረሜላ አያጣም፤ ስለዚህ ጋሽ ከረሜላ አልኩት፣ ስሙም ሆኖ ቀረ። ሲመጣ ብድግ አድርጎ የሞተሩ የነዳጅ ታንከር ላይ ያስቀምጠኛል። «ሾፌራችን መጣች! ዞር በሉ!» ይላል። እትዬ እሱ ሲመጣ ድምፅዋ ይጠፋል። ዓይኗን ከመሬት አታነሳም። የሚያፈቅሩ ሰዎች ይተፋፈራሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለውን ተረት ያኔ ማን ነግሮኝ!

ከዚያ የእትዬ ሆድ ገፋ። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችና «ታናሽሽ ነው፣ ሰላም በይው» አለችኝ። አባቴ ያን ቀን ከማሽኑ አባረራት። «ከእንግዲህ ይህን ብረት ብትነኪ አንላቀቅም! ጨርቅ እጠፊ፣ እሱ ይበቃሻል» አላት። እሷም እየሳቀች ከኋላ ክፍል ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። እኔ ለታናሼ ከረሜላ ማጠራቀም ጀመርኩ፤ ግማሹን ግን በልቼበታለሁ።

ከእለታት አንድ ቀን እትዬ አልመጣችም። ታማለች ተባለ። ብዙ ቀን ቆይታ ስትመለስ ሆዷ የለም። ፊቷ ቢጫ ሆኗል፤ ስትራመድ ግድግዳ ትይዛለች። ዘልዬ ልጠመጠምባት ስል በእጇ መለሰችኝ።

«ታናሼስ?» አልኳት።

«ማሽኑ ረገጠኝና ወደቅኩ» አለች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ጎረቤታችን ጎሚስታው ጎማ የሚፈታበትን መዶሻ ከደጁ አንስቼ መጣሁ። መዶሻው ከኔ ይከብዳል። እየጎተትኩ አምጥቼ ማሽኑን መታሁት። ቆርቆሮው ጎደጎደ። ደግሜ መታሁት። አባቴ ሮጦ ደርሶ መዶሻውን ሲነጥቀኝ እጁን ነከስኩት።

«ምን ነክቶሻል አንቺ!»

«ታናሼን ገደለው! እትዬን ይመታታል! እሑድ እንኳ ይመታታል!»

«ማነው የሚመታት?»

«እሱ ነዋ! ማሽኑ! እሑድ ዝግ ነን፣ ሰኞ ግን ጉንጯ አብጦ ትመጣለች። ቤቷ ድረስ ማን ይወስደዋል?»

አባቴ መዶሻውን እንደያዘ ባልዲዬ ላይ ተቀመጠ።  ከዚያ በቀስታ፣ «ሕፃኑን ማሽኑ ነው የገደለው አለችሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እሷን ማሽኑን እንዳትነካ የከለከላት ራሱ እንደሆነ ልብ አላልኩም። እሱ ግን ልብ ብሏል።

ዛሬ ሳስበው አባቴ ከዚያ በፊትም ምንም አያውቅም ነበር ማለት አልችልም። ያየውን አይቷል። ግን ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባለ ነው ያደገው፤ ሰው ትዳር ውስጥ እጁን አያስገባም ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይህን ስናገር ያመኛል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ ከኋላ ክፍል ሲነጋገሩ ከበሩ ሥር ተቀምጬ ሰማኋቸው። አባቴ «ልብስሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤትሽ እዚህ ነው» ይላታል። እትዬ ታለቅሳለች። «የት እሄዳለሁ ወንድምጋሼ? የትም ብትደበቂ አገኝሻለሁ ብሎኛል። መጀመሪያ ልጅቷን ነው የማገኘው ብሎኛል።» ልጅቷ እኔ ነኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ! ጋሽ ከረሜላ ድብብቆሽ ሊያጫውተን ነው፣ እኔንም አስገብቶኛል። ለመደበቂያ የሚሆን ቦታ ስፈልግ ዋልኩ፤ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ጥሩ ቦታ አገኘሁ።

አባቴ ያን ዕለት ከሰዓት ወጥቶ ሲመለስ ሸሚዙ ከአንገትጌው እስከ ወገቡ ተቀድዷል፤ ቅንድቡ ላይ ደም ደርቋል። ወደቅኩ አለኝ። እኔም አባዬ ትልቅ ሰው ሆኖ እንዴት ይወድቃል ብዬ ሳቅኩበት።

እንግዲህ ያ ጠዋት መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጋሽ ከረሜላ በጭቃ የተለሰነ ሞተሩን እያስጓራ ገባ፣ እትዬን ከኋላው አስቀምጦ። እሷ ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ክፍል ገባች።

«አማቼ!» አለ አባቴን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቀ። «እስቲ ሙሽራ አስመስልልኝ። እናቴ ዘንድ መሄድ አለብኝ፣ ከድልድዩ ማዶ።» ከረሜላዬን ሰጠኝና ከጎሚስታው ጋር ሊጫወት መንገዱን ተሻገረ።

«ብቻህን ነህ የምትሄደው?» ብሎ አባቴ ከኋላው ጮኸ።

«ከማን ጋር ልሂድ ታዲያ!»

አባቴ ማሽኑን አስነሳ። የዚያን ቀን ያየሁትን ዛሬም አንድ ባንድ እቆጥረዋለሁ። ሞተሩ ትኩስ ነበር፤ ሲረጨው ፍሽሽ ብሎ እንፋሎት ፊቱን ሸፈነው። ማርሚታው ላይ ጨርቅ አልወተፈም። የማሽኑ ጫፍ ብረቱን ሊነካ እስኪል ተጠግቶ፣ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ላይ ደገነ። ጥቁር ግራሶ እየተተፋ ወጣ።

«አባዬ! እዚያ ላይ አይረጭም!»

ዞር ብሎም አላየኝ። መንጋጋው ግጥም ብሏል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ብረቱን አስቀምጦ ጨርቅ ካቴና ዘይት ውስጥ ነከረ። ካቴናውን ቀባ። ከዚያ በዚያው ጨርቅ የፊቱን ዲስክ ያዘና ዙሪያውን፣ በዚህም በዚያም ገጹ፣ ቀስ ብሎ ጠረገው። የኋላውንም። ልጅ ገላውን ሲታጠብ ጆሮውን እንደሚያጸዱት አድርጎ።

«አባዬ፣ ጨርቁ ዲስኩን ነካ!»

«ግቢና ውሃ ጠጪ።»

«ነካ እኮ! እትዬ ብታይህ ትቆጣሃለች!»

«ግቢ ብያለሁ!» ብሎ ሲጮህ ድምፁ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ አላወቅኩትም እንጂ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። አባዬ ታሟል፣ ማጠብ ጠፍቶበታል አልኩ በልቤ። ለእትዬ ልነግራት አስቤ አፈርኩለት፤ የአባት ጉድ አይወራም። ተመልሼ ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ።

በደረቅ ጨርቅ ላይ ላዩን ሲጠርገው ሞተሩ አበራ። ጋሽ ከረሜላ ተመልሶ ሲያየው በፉጨት ተቀበለው። «አይ ጉድ! መስታወት አደረግከው!» አለ። ከዚያ በዚያው የሳቅ ድምፅ ወደ ኋላ ክፍሉ ጮኸ። «አንቺ! ነይ ውጪ፣ አብረን ነው የምንሄደው!»

አባቴ የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ። «ብቻዬን ነኝ አላልክም?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ። ሚስቴን ለእናቴ ላሳይ ብል ያንተን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ?»

«ሥራ አለባት።»

«ሥራዋ እኔ ነኝ» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

እትዬ ሻሿን እያሰረች ወጣች። ሞተሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የፊት ጎማው አጠገብ ጎንበስ አለች፤ የጫማዋን ክር የምታስር መሰለኝ። ቀና ስትል አባቴን አየችው። እሱም አያት።  ወደ ባልዲዬ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ከንፈሯ ትኩስ ነበር። ከዚያ ሄዳ ከባሏ ኋላ ወጣችና በሁለት እጇ ወገቡን አቀፈችው። ጣቶቿን አጠላልፋ፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ ለጥፋ። እንዲያ አድርጋ ስታቅፈው አይቻት አላውቅም ነበር። ታረቁ! ብዬ እጄን አጨበጨብኩ።

«ውረጂ» አለ አባቴ።

«ተወኝ ወንድምጋሼ።»

«ውረጂ ነው የምልሽ!»

«ተወን፣ እንሂድበት።»

ጋሽ ከረሜላ ሞተሩን አስነሳ። «ሰውዬው ዛሬ ምን ነክቶታል?» አለ። አባቴ ዘሎ መሪውን ያዘ። በሌላ እጁ የእትዬን ክንድ ይዞ ይጎትታል፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ ባሏ ላይ ተጣብቃለች። «ልቀቂ! ልቀቂው!» ይላታል። ጋሽ ከረሜላ ራሱ ላይ ያልደፋውን ሄልሜት አነሳና የአባቴን አፍ መታው። የተሰበረ ጥርስ ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል አየሁ። ደግሞ መታው፣ ደግሞ። የአባቴ አፍ ደም ብቻ ሆነ፤ መሪውን ግን አልለቀቀም። ጋሽ ከረሜላ እየሳቀ ነበር። እየሳቀ ነበር የሚመታው፣ ያ ጥርስ፣ ያ ለኔ የሚስቅልኝ ጥርስ። ከዚያ በእግሩ ሆዱን ሲለው አባቴ ወደ ኋላ ተንደባለለ።

የወደቀው ማሽኑ ላይ ነው። ካስነሳው ወዲህ አላጠፋውም ነበር። አባቴ ብረቱን ይዞ ተነሳ።

ውሃው መጀመሪያ የባሏን ደረት ሲያገኘው ጃኬቱ ተተረተረ። ጋሽ ከረሜላ እጁን ዘረጋ፤ አባቴ እየተጠጋ መጣ፤ የዘረጋው መዳፍ ቆዳ እንደ እርጥብ ወረቀት ሲላጥ ታየኝ። ሳቁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ሞተሩ ተንጋዶ ወደቀ፣ እትዬም ከሥሩ። ጋሽ ከረሜላ ሊነሳ ሲል አባቴ ፊቱ ላይ ደገነ። ከክንድ ባነሰ ርቀት ላይ ነበር። ውሃው ነጭ ነው፤ ከፊቱ የሚመለሰው ግን ቀይ ነበር። በጣቶቹ መሀል ዓይኑን ይዞ፣ እየተንከባለለ፣ እናቱን ይጣራል። አባቴ አላቆመም። ምላጩን የለቀቀው ጎሚስታው ከኋላ መጥቶ በክንዱ አንገቱን ሲያንቀው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን መንደሩ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ሰውየው መሬት ላይ እየጮኸ፣ እትዬ እግሯን ይዛ እያቃሰተች፣ አባቴ ከጎሚስታው እጅ አመለጠ፤ ወደማንኛቸውም አልሄደም። ሞተሩን አነሳና አቆመው። የሳሙና ባልዲ አመጣ። ዲስኮቹን በስፖንጅ ፈተገ፤ አለቀለቀ፤ ደግሞ ፈተገ። ማርሚታው ላይ ጨርቅ ወተፈ። ራቅ ብሎ፣ ከጎን፣ ሰፋ አድርጎ ረጨው። ደሙ ካፉ በሳሙናው ላይ ይንጠባጠባል። ፍሬኑን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ ጨበጠ፣ ሞተሩን ገፋ አድርጎ መያዙን አየ። እኔ በርሜሉ ኋላ ተደብቄ፣ አባዬ አሁን በደንብ አጠበው፣ አስታወሰ እያልኩ አለቅስ ነበር። ሰዎች መጥተው ሲይዙት እጁን ሳይታገል ሰጠ።

ፍርድ ቤት ጎሚስታው መሰከረ። «ሰው አሳውሮ ሞተር ያጥባል ጌታዬ! እንዲህ ያለ አረመኔ አይቼ አላውቅም» አለ። ዳኛው አባቴን ለምን እንዲያ እንዳደረገ ጠየቀው። አባቴ «ቆሽሾ ነበር» ብቻ አለ። ሰዎች ሳቁ። ፍርዱም ከበደ። እኔም ትምህርት ቤት የእብዱ ልጅ ተባልኩ፤ ያለኝን ሁሉ በጥፊ ስለው ስለነበር ቶሎ ተዉት።

ጋሽ ከረሜላ አንድ ዓይኑን ይዞ እናቱ ዘንድ ገባ። በዚያ መንገድ ዳግመኛ ሲያልፍ የታየ የለም፤ እኛ ጋ ከሚያጓራው ማሽን ድምፅ ይሸሻል ይባል ነበር። እትዬ ተመልሳ ቤታችን ገባች፤ ላቫጆውን ያዘች፤ እኔን አሳደገች። ለአባቴ ስንቅ በየሳምንቱ ትቋጥራለች፤ የምወስደው እኔ ነኝ። እሷ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አልጠየቀችውም። ሰላም በይልኝ ትላለች፣ በቃ። ከፍ እያልኩ ስሄድ ይህ ነገር አንገበገበኝ።

የዲስኩ ነገር የገባኝ ራሴ አጣቢ ሆኜ ነው። አንድ ሠራተኛዬ ካቴና ሲቀባ ዘይት ዲስኩ ላይ አፈሰሰ። በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፣ አበራ። ያን ማብራት ሳየው ያ ጠዋት እንዳለ መጣብኝ። አባቴ ማጠብ አልጠፋበትም ነበር። ኩሽኔታውንም፣ ዲስኩንም እያወቀ ነው ያበላሸው፤ ሰውየውን ከቁልቁለቱ ሥር ሊቀብረው። እህቱ ስትወጣበት ነው ያበደው። ሞተሩን ዳግም ያጠበውም ሌላ የሚነዳው ሰው እንዳይሞትበት ነው። ከእስር ሲፈታ ስለዚያ ጠዋት ጠየቅኩት። ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ ብሎ «ሆድ ይፍጀው ልጄ» አለኝ። ፈጀው። ባለፈው ክረምት ቀበርነው።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሄዶ እኔና እትዬ ግቢው ውስጥ ቀረን። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትኩር ብላ መንገዱን ታያለች። ዓይኗ ደርቋል። አላስችል አለኝ።

«እስር ቤት እያለ አንድ ቀን ብትጠይቂው ምን ነበረበት?» አልኳት። «አንድ ቀን! ላንቺ ሲል እኮ ነው እዚያ የተጣለው! ጥርሱን፣ ጉልበቱን፣ ስሙን ሁሉ ላንቺ ሲል! አታውቂም እኮ፣ ልንገርሽ፣ ያን ቀን ዲስኩን…»

«ዘይት ቀብቶት ነበር» አለች።

ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ቀጠለች።

«በጣቴ ነካሁት እኮ። እኔን ነው የምታስተምሪኝ? ገና ከበሩ ስወጣ አበራረቁን አየሁት። ወንድምጋሼ ምን እንዳሰበ ያኔውኑ ገባኝ።»

«እያወቅሽ ወጣሽበት?»

«አዎ።»

«ለምን?! ብቻውን ይሂድ ብትይውስ? አመመኝ ብትይውስ?»

«ብቻውን ቢሆን ይተርፍ ነበር።» ድምፅዋ የዕለት ወሬ የምታወራ ይመስል ነበር። «ድመት ነው እሱ። ፍሬኑ እምቢ ሲለው ዘሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ማን እንዳጠበው ያውቃል፤ ከዚያ አንቺ ጋ ይመጣል። የሚይዘው ሰው ያስፈልግ ነበር። ጣቶቼን አጠላልፌ ያዝኩት። አባትሽ ዓይኔን ሲያይ ገባው። ሊያላቅቀኝ ሲታገል ይቺን ጣቴን ሰበራት፤ አልለቅም አልኩት። እሱም እምቢ አለኝ።»

«እና ለምን አልጠየቅሽውም?» አልኳት፤ ቁጣዬ ግን ትቶኝ ሄዷል።

እትዬ ፊቷን ወደኔ አዞረች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችው ሴት።

«በምን ዓይኔ ልየው? አንቺን ጥዬሽ ልሄድ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

ልመታት ቃጣኝ፣ እውነቴን ነው የምለው። እጄን ሁሉ አንስቼ ነበር። ከዚያ ከወንበሯ ሥር ተንበርክኬ ወገቧን አቀፍኳትና ጮኼ አለቀስኩ።

«ቀስ በይ እንጂ» አለችኝ፣ «አጥንቴን ሰበርሽው።»

አልለቀቅኳትም።